ስንዝሮን ከጀበና አጠገብ ማቆም፦ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በቤት ውስጥ የግሪን ስክሪን ሥራ ሲፈተን

ስንዝሮ ስሙ እንደሚናገረው ቁመቱ አንድ ስንዝር የሆነ የተረት ልጅ ነው። ተረቱን የሰማሁት ከአያቴ ሲሆን፣ ልጁ በቡና ሰዓት ረከቦቱ ላይ ወጥቶ በስኒዎቹ መካከል ሲመላለስ በዓይነ ኅሊናዬ እየሣልኩ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት ይህንኑ ምስል በቪዲዮ ለመሥራት ተነሣሁ። ተዋናዩ የ7 ዓመት ልጅ የሆነው የእህቴ ልጅ፣ ካሜራው የእጅ ስልኬ፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ያለው የቤታችን ግቢ ነበር። ልጁን ከኋላው ከተዘረጋው አረንጓዴ ጨርቅ ለይቶ (ግሪን ስክሪን የሚባለው ዘዴ ይህ ነው) ከጀበናው አጠገብ የማቆሙን ሥራ የሰጠሁት ደግሞ ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ በነፃ ለሚያቀርበው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ሶፍትዌሩ ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር ሊሠራልን ስለማይችለው የልኬት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋውና ስለሚሰጠው አገልግሎት ልናገር። ብላክማጂክ ሪዞልቭን ይሠራ የነበረውን የዳቪንቺ ሲስተምስ ኩባንያ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. ከገዛ በኋላ፣ ምስልን በምስል ላይ ለመደራረብ የሚያገለግለውን ፊውዥን የተባለ ሶፍትዌር በ2014 ጠቅልሎ ወስዶ፣ በ2018 በወጣው 15ኛው የሪዞልቭ እትም ውስጥ አካተተው። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ መቁረጫው፣ የቀለም ማረሚያው፣ የድምፅ ክፍሉና የግሪን ስክሪን መሣሪያው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛሉ። ነፃው እትም እስከ 3840 በ2160 ጥራትና እስከ 60 ፍሬም በሰከንድ ድረስ ያወጣል፤ በውስጡ የተፈቀዱትን መሣሪያዎች ብቻ እስከተጠቀምን ድረስም በሥራችን ላይ የኩባንያውን ምልክት አያትምብንም። ስቱዲዮ የሚባለው የሚከፈልበት እትም 295 ዶላር ሲሆን ክፍያው የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል ስላልሆነ፣ እዚህ የምመዝነው ነፃውን እትም ብቻ ነው። ሰውን ያለ አረንጓዴ ጨርቅ ከኋላ ገጹ የሚለየው ማጂክ ማስክ በነፃው እትም ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ጨርቁ የግድ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት ግን በሪዞልቭ አይደለም። መጀመሪያ በስልኬ ላይ ባለ ቀላል የኤዲቲንግ መተግበሪያ ሞክሬ ነበር፤ ልጁን ነጭ እጀ ጠባብ አልብሼ፣ ከላይ ስስ ነጠላ አጣፍቼ ነበር የቀረጽኩት። መተግበሪያው አረንጓዴውን ቀለም ሲያጠፋ ነጠላውንም አብሮ በላው፦ ጨርቁ ሳስቶ የኋላው አረንጓዴ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ፣ የፀጉሩ ዳርም በመቀስ የተከረከመ መሰለ። ማጥፊያውን ቀነስ ሳደርገው ደግሞ ነጠላው ተመልሶ መጣ፤ አረንጓዴው ግን አብሮት መጣ። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ፊት ለፊት ቆሞ ለሚናገር ሰው በቂ ናቸው። በብርሃን ውስጥ ሲታይ ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚጋርድ ጨርቅ ሲመጣ ግን የተሻለ መሣሪያ ያስፈልጋል።

በሪዞልቭ ውስጥ ያ መሣሪያ ዴልታ ኪየር ይባላል፤ የሚገኘውም በፊውዥን ገጽ ላይ ነው። ፊውዥን የሚሠራው በኖዶች ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ትንሽ ሳጥን ሆኖ፣ ሳጥኖቹ እንደ ኤሌክትሪክ መስመር በሽቦ ይያያዛሉ። የልጁ ክሊፕ ወደ ዴልታ ኪየር ይገባል፣ ከዴልታ ኪየር የወጣው መርጅ ወደሚባለው ኖድ ይሄዳል፣ የረከቦቱ ክሊፕ ደግሞ በሌላው በር ወደዚያው መርጅ ይገባል። ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም፣ ሁለት ቀን ከተለማመዱት በኋላ ስሕተት የቱ ጋ እንዳለ በዓይን እያዩ መከታተል ስለሚቻል፣ በንብርብር ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ይልቅ እኔን አሳርፎኛል።

ዴልታ ኪየርን ስንጠቀም መጀመሪያ የጨርቁን ቀለም በመልቀሚያው ከልጁ አጠገብ ካለ ቦታ እንወስዳለን። ቀጥሎ ምስሉን ትተን ማቱን ብቻ፣ ማለትም የሚቀረውን በነጭ፣ የሚጠፋውን በጥቁር የሚያሳየውን ገጽታ እንመለከታለን። ልጁ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እስኪሆን ድረስ የታችኛውንና የላይኛውን ገደብ በጥቂት በጥቂቱ እናንቀሳቅሳለን። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ገደቦቹ በጣም ሲቀራረቡ ግራጫው ይጠፋል፣ ነጠላውና ፀጉሩ የሚኖሩት ግን በዚያ ግራጫ ውስጥ ነው። ፍሪንጅ በሚለው ክፍል ደግሞ ከጨርቁ ተንጸባርቆ በእጀ ጠባቡ ላይ ያረፈው አረንጓዴ ይታረማል። ክሊን ፕሌት የሚባለው ረዳት ኖድ፣ የጨርቁ ብርሃን ወጣ ገባ በሆነበት ቦታ ሁሉ ልዩነቱን አስልቶ ያስተካክላል፤ ለዚህ እንዲረዳ ልጁ ከመግባቱ በፊት ባዶውን ጨርቅ ለአምስት ሰከንድ ያህል መቅረጽ ጠቃሚ ነው። በዚህ መንገድ የነጠላው ስስነት ሳይጠፋ፣ የጀበናው ጥቁረት በነጠላው ውስጥ ትንሽ እየታየ የወጣውን የመጀመሪያ ምስል ሳይ፣ መሣሪያው ከስልኬ መተግበሪያ ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ ገባኝ።

ሆኖም መሣሪያው የሚሰጠው ከቀረጻው ያገኘውን ያህል ነው። ካሜራዎች አረንጓዴን በተሻለ ጥራት የሚያዩት ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰራቸው ላይ ካሉት ነጥቦች ከየአራቱ ሁለቱ ለአረንጓዴ ስለሚመደቡ ነው፤ ብሪስ ባየር በኮዳክ ሳለ የቀየሰው ይህ አደራደር በ1976 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘ ሲሆን እስከ ዛሬም ያገለግላል። ስልኮች ግን ቪዲዮውን ሲያስቀምጡ የቀለሙን መረጃ ያሳንሱታል፤ ለአራት የምስል ነጥቦች አንድ የቀለም ልክ ብቻ ይይዛሉ። የልጁ ዳር የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በ4ኬ ቀርጾ የመጨረሻውን ቪዲዮ በ1080 ማውጣት ነው፤ ልዩነቱ በተለይ በጣቶችና በፀጉር ላይ በግልጽ ይታያል።

ጨርቁን በተመለከተ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። መጀመሪያ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ የወሰድኩት የሚያብረቀርቅ ዓይነት ስለነበር፣ መብራት ባረፈበት ቦታ ሁሉ ነጭ ጅራት እያወጣ አስቸገረኝ። ሁለተኛው የማያብለጨልጭ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ ስለማይበቃ ልብስ ሰፊ ሁለቱን አያይዞ ሰፋልኝ፣ እኔም በካውያ ተኩሼ ከግንቡ ላይ አንሥቶ እስከ መሬቱ ድረስ እንዲወርድ አድርጌ ዘረጋሁት። የልጁ እግር የሚታይ ከሆነ መሬቱም በዚያው ጨርቅ መሸፈን አለበት። ልጁ ከጀርባው ካለው ጨርቅ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ሲጠጋ የራሱ ጥላ ጨርቁን ያጠቁረዋል፣ ጨርቁም በፋንታው ነጩን ልብስ አረንጓዴ ያለብሰዋል። ልብስ ስንመርጥ ጥለቱን ማየት አለብን። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ ሐረግ ካለበት፣ ኪየሩ ሐረጉን ቆርጦ ስለሚያወጣው በልጁ ደረት ላይ ረጅም መስኮት ይከፈታል፤ እኛ ቀይ ጥለት ባለው ቀየርነው። ለቡና ሥነ ሥርዓቱ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ግን ችግር አያመጣም፤ እርሱ ያለው በረከቦቱ ክሊፕ ላይ ሲሆን፣ ያ ክሊፕ በኪየሩ በኩል ጨርሶ አያልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያውን ቀረጻ የሠራሁት እንደ ብዙ ሰው በግምት ነበር፦ ልጁን ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት፣ በራሴ ዓይን ከፍታ ቀረጽኩት፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ አሳንሼ ረከቦቱ ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ ከአረንጓዴው የተለየበት ሥራ ንጹሕ ነበር፣ ዳሩ ንጹሕ ነበር፣ ነገር ግን ልጁ ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ፎቶ ይመስል ነበር። አንድ ምሽት ሙሉ ቀለሙን፣ ጥላውን፣ ብርሃኑን ስለዋውጥ አመሸሁ፤ አንዱም አልጠቀመም። ስሕተቱ ያለው ዓይናችን በሚታለልበት ቦታ ላይ ነበር። ረከቦቱን የቀረጸው ካሜራ ዝቅ ብሎ በስኒዎቹ ደረጃ ላይ ሳለ፣ ልጁን የቀረጸው ካሜራ ከላይ ወደ ታች እያየ ነው። ተመልካቹ ምክንያቱን በቃል ባይናገረውም፣ የልጁን አናትና የጫማውን የላይ ገጽ ሲያይ፣ የስኒዎቹን ግን ጎናቸውን ብቻ ሲያይ፣ ሁለቱ በአንድ ቦታ እንዳልነበሩ ያውቃል።

ሕጉ እንዲህ ነው። የልጁ ቁመት 120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስንዝሬ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ስንዝሮ እንዲሆን ልጁ 6 ጊዜ ማነስ አለበት። ልጁ 6 ጊዜ ያንሳል ማለት፣ በእርሱ ዓለም ካሜራው ያለበት ርቀትም ከፍታም 6 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። ረከቦቱን ስቀርጽ ስልኩ ስንዝሮ ከሚቆምበት ነጥብ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከረከቦቱ ገጽ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ልጁን ስቀርጽ ስልኩ ከልጁ 3 ሜትር ርቆ፣ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በተመሳሳይ ዘንበል ማለት፣ በተመሳሳይ ሌንስ መቆም አለበት። ሌንስ መቀየርም ሆነ በጣት ማጉላት አይፈቀድም። ይህን ሁሉ በሜትር ለክቼ ሁለተኛውን ቀረጻ ወደ ሪዞልቭ ሳስገባ፣ ልጁን ማሳነስም ማሳደግም አላስፈለገኝም፤ ሁለቱ ክሊፖች በመርጅ ሲገናኙ በራሱ መጠን መጥቶ ትከሻው ከጀበናው አንገት በታች ሆኖ ቆመ። ልኬቱ ትክክል መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያረጋግጥ ፈተና አላውቅም፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ ብዙ ማሳነስ ካስፈለገ ካሜራው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ቁጥር ሌላ ችግርም ተፈታ። ልጁ ግቢ ውስጥ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆሞ፣ «አጎቴ፣ ጀበናው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የማይታይ ነገርን ማየት ለትልቅ ተዋናይም ከባድ ነው። በማቶቱ ላይ የተቀመጠው ጀበና ከረከቦቱ ገጽ እስከ አፉ 27 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በ6 ሲባዛ 1 ሜትር ከ62 ይሆናል። በመጥረጊያ እንጨት ላይ በዚያ ከፍታ ቀይ ክር አሰርኩና ጀበናው ሊቆም በሚገባው ቦታ አቁሜ፣ «የጀበናው አፍ ይኸውልህ፣ እንፋሎቱ ከዚህ ይወጣል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ያየበት አስተያየት ቀደም ሲል ከነበረው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሊቀመጥበት የሚገባው የተደፋ ስኒ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 36 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው በርጩማ ፈልገን በተረፈው አረንጓዴ ጨርቅ ጠቀለልነው፤ በርጩማው ጠፍቶ ስኒው በቦታው ሲገባ፣ ልጁ እግሩን እያወዛወዘ ስኒ ላይ ተቀምጧል።

ብርሃኑም በዚሁ መጠን መታሰብ አለበት። ለአንድ ስንዝር ልጅ የቤታችን መስኮት ሰማይን የሚያክል ሰፊ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ጥላው ለስላሳ መሆን አለበት። ረከቦቱ ጠዋት በግራ በኩል ካለው መስኮት ብርሃን እየገባበት ስለተቀረጸ፣ ልጁን በጥላ ስር አቁሜ በግራው በኩል ትልቅ ነጭ አንሶላ ወጥሬ ብርሃኑ በእርሱ ውስጥ እንዲያልፍ አደረግሁ። ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት የሚሠራ ሰው ደግሞ፣ የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ስልኩን በ25 ፍሬምና በ1/50 የሹተር ፍጥነት ቢያስተካክል የመብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት አይያዝበትም። የብርሃን መጠኑ (ኤክስፖዠሩ)፣ ፎከሱና የነጭ ሚዛኑ መቆለፍ አለባቸው። ብላክማጂክ ራሱ በ2023 ለአይፎን፣ በ2024 ለአንድሮይድ ያወጣው ነፃ የካሜራ መተግበሪያ ይህን ሁሉ በእጅ ለማስተካከል ያስችላል፤ የአንድሮይዱ እትም ግን ሁሉንም ስልኮች አይቀበልም።

ከኪየሩ በኋላ የሚቀረው ሥራ ልጁን ከቦታው ጋር ማስተሳሰር ነው፤ ፊውዥንም ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ለጥላው፣ ከኪየሩ የወጣውን የልጁን ቅርጽ ገልብጬ፣ ጥቁር ቀብቼ፣ ዘንበል አድርጌ አሰፋሁና አደበዘዝኩት፤ ከእግሩ ሥር ያለው ክፍል ግን ጠቆር ብሎ መቅረት አለበት፣ አለዚያ ልጁ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። በስኒው ኋላ እንዲያልፍ ለማድረግ የስኒውን ዳር በማስክ ከብቤ ከልጁ ፊት መልሼ አስቀመጥኩት። የማስኩን ጠርዝ ሁለት ነጥብ ያህል ማለስለስ ይበቃል። ፎከሱንም አልረሳሁም፤ ካሜራ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጠግቶ ሲቀርጽ ከኋላ ያለው ነገር ይደበዝዛል፣ ልጁ ግን ከ3 ሜትር ስለተቀረጸ ከአናቱ እስከ ጫማው ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው። ወደ ጀበናው ኋላ በሄደ ቁጥር በትንሹ ማደብዘዝ ያስፈልጋል።

የወደድኩት ክፍል የዕጣኑ ጢስ ነው። ማጨሻውን ጥቁር ጨርቅ ፊት አስቀምጬ፣ ከጎን ብርሃን ሰጥቼ ጢሱን ብቻውን ቀረጽኩት፤ ከዚያ ስክሪን በሚባለው የመደራረቢያ ዘዴ ከልጁ በላይ አስቀመጥኩት። ይህ ዘዴ ጥቁሩን አጥፍቶ ብሩሁን ብቻ ስለሚያስቀር፣ ጢሱ በልጁ ፊት ሲያልፍ ፊቱን በስሱ ሸፍኖ ያልፋል። ልጁና ረከቦቱ በአንድ ጢስ ውስጥ ሲታዩ ሁለት ክሊፖች መሆናቸው ይረሳል።

ፍጥነትም የመጠን ምልክት ነው። ትንሽ ነገር ከአጭር ከፍታ ስለሚወድቅ ቶሎ ያርፋል፤ ስሌቱ የማነሱ መጠን ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ 6 ጊዜ ያነሰ ልጅ ሲዘል በ2.4 እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። በሙሉ ቢተገበር አካሄዱ አስቂኝ ስለሚሆን፣ ከስኒው ላይ ሲዘል ብቻ ፍጥነቱን ወደ 120 በመቶ ከፍ አደረግሁ፤ ያም በቃ። ልጁን ግዙፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ይገለብጣል፦ ካሜራው ይቀርባል፣ ዝቅ ይላል፣ ቀረጻው በ50 ፍሬም ተይዞ በ25 ይጫወታል። አራት እጥፍ ለገዘፈ ሰው ይህ በትክክል የሚስማማ ዝግታ ነው።

ሶፍትዌሩ ከባድ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ኩባንያው ለዊንዶውስ ኮምፒውተር 16 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ፊውዥን ለሚጠቀም ደግሞ 32 እንዲኖር ይመክራል፤ የእኔ ላፕቶፕ 8 ብቻ ስላለው የምሠራው የማሳያውን ጥራት ወደ ግማሽ አውርጄ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት ለየብቻው ሬንደር እያደረግሁ፣ ማለትም ወደ ተጠናቀቀ ቪዲዮ እየቀየርኩ ነው። ማውረጃ ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ማውረድ ይሻላል። ገጾቹ በአማርኛ አይደሉም። በሌላ በኩል ላይቭ ሴቭ የሚለው ምርጫ ሥራውን በየቅጽበቱ ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ በጠፋበት ሳምንት አንድም ኖድ አልጠፋብኝም፤ ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኩባንያው የማስተማሪያ መጻሕፍቱንና የመለማመጃ ፋይሎቹን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ማስቀመጡም ሊመሰገን ይገባዋል።

ስልክ ብቻ ላለውና አጭር ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ሪዞልቭን አልመክርም፤ ለእርሱ ያለ ጨርቅ፣ አንዱን ሰው አቅርቦ ሌላውን በሜዳ ላይ አርቆ በመቅረጽ ብቻ የሚገኘው የመጠን ማታለል ይቀለዋል፣ ምንም እንኳ ካሜራው መንቀሳቀስ፣ ሰዎቹም መነካካት ባይችሉ። ኮምፒውተር ላለውና ትዕግሥት ላለው ግን ከዚህ የተሻለ ነፃ መሣሪያ አላገኘሁም፤ ለግሪን ስክሪን ሥራ ከ10 ነጥብ 9 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለክብደቱ ነው። ኖዶቹን እንዳሉ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ትዕይንት የሚቀየሩት ሁለቱ ክሊፖች ብቻ ናቸው። 50 እና 300፣ 15 እና 90፣ 27 እና 162 የሚሉትን ቁጥሮች ደግሞ በካርቶን ላይ ጽፌ በትራይፖዱ እግር ላይ አስሬያቸዋለሁ፤ ልጁ በቁመት በጨመረ ቁጥር ግን እንደገና ይሰላሉ።